የአቼቶው ጠርሙስ ምን ይላል?

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት የጋዜጠኝነት ትምህርቴን በጀመርኩበት ሰሞን ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ለሌሎች ስናገረው ኖሬያለሁ። ተረትን መናገርና በተረት መኖር ለየቅል መሆናቸውን ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው። ያውም በዝግጅት ክፍል ውስጥ ሳይሆን በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ጠርሙስ አቼቶ ፊት ቆሜ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውሃ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት እንደሚገኝ፣ ከመጠን ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ እንደሚያበልዝ፣ ለረጅም ዘመን ሲጠጣም አጥንትን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 10 ሚሊ ግራምን የሚያልፉ ጉድጓዶችም አሉ። የከተማይቱ የውሃ ባለሙያ ስለ አንዱ ጉድጓድ የላቦራቶሪ ውጤት የሰፈረበትን ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «1.6 ± 0.3» ይላል። ከግርጌው ደግሞ «ምርመራው ይደገም» የሚል ቃል አለበት። እኔ 1.6 የሚለውን ወሰድኩና ያቺን የሲደመር ሲቀነስ ምልክት ከነተከታይዋ ቆርጬ ጣልኳት። አንባቢን ታስቸግራለች ብዬ ነው። ከዚያም የጉድጓዱ ውሃ ከተፈቀደው መጠን ማለፉን በደማቁ ጻፍኩ። ጽሑፉ ወጣ፤ ተነበበ፤ እኔም ለሕዝብ አንድ በጎ ነገር እንደሠራሁ ቆጥሬ ደረቴን ነፋሁ።

ወር ያህል ቆይቶ ባለሙያው ስልክ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ያቺን 0.3 የት ጣልካት?» አለኝ። ሰዉ ጉድጓዱን ትቶ ወደ ወንዝ ወርዷል። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ ያልታከመ የወንዝ ውሃ ግን ሕፃን ልጅን በቀናት ውስጥ ይጥላል። «እኛ የጻፍነው ውሃው ከ1.3 እስከ 1.9 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ብለን ነው። ከጣሪያው በላይ ሊሆን ይችላል፣ በታችም ሊሆን ይችላል። ገና አናውቅም ነው ያልነው። አንተ ግን አወቅህልን» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

«አንተ ግን አወቅህልን» የምትለዋ አነጋገር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥታኛለች። በመጨረሻ ያደረግሁት ነገር ለጓደኞቼ ያስቃቸዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ በማታው ክፍለ ጊዜ ጠቅላላ ኬሚስትሪ ከነላቦራቶሪው ለመማር ተመዘገብኩ። ዲግሪ አምሮኝ አይደለም። ቁጥር ሰጥተውኝ ቁጥሩ ምን እንደሚል የማላውቅ ሰው ሆኜ መኖሩ ስላሳፈረኝ ነው።

* * *

ላቦራቶሪን ያልገባበት ሰው የጠንቋይ ቤት አስመስሎ ይስለዋል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስገባ ያገኘሁት ከጠንቋይ ቤት ይልቅ የወጥ ቤት ዘመድ ነው። አሲድ የበላቸው ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ አንገታቸው የተሸረፈ ብልቃጦች፣ አንዳንዴ የሚመጣ አንዳንዴ የሚጠፋ የቧንቧ ውሃ፣ የሰው ትንፋሽ እንኳ እንዳያወዛውዛት በመስተዋት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ስስ ሚዛን። በዕቃ ማውጫው መስኮት ላይ ደግሞ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ላብራቶሪ» የሚላቸው አንድ አዛውንት ቴክኒሻን አሉ። ያለ እሳቸው ፈቃድ አንዲት ጠብታ አትወጣም።

መቼም ኬሚስትሪ ማለት የሚፈነዳና የሚጤስ ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ግን ትሕትናን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተማርነው ስለ አሃድና ስለ አሃዝ ነበር። አንድ መለኪያ እስከ አንድ አሥረኛ ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ አንተ እስከ አንድ ሺኛ ጽፈህ ማቅረብ አትችልም። የስሌት መሣሪያህ አሥር አሃዝ ቢደረድርልህም ትርጉም ያላቸው ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ሰባቱን ትተዋቸዋለህ። መምህራችን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ጎልማሳ ሲሆን፣ አንድ ማታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ረጅም ቁጥር ጽፎ ከመሐሉ በኋላ ያለውን ሁሉ በዳስተር እየጠረገ «ይኼ ዕውቀት አይደለም፣ ጌጥ ነው» ሲል ሰማሁት። በሕይወቴ የጻፍኳቸው ስንት ዓረፍተ ነገሮች ጌጥ እንደነበሩ እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቡሬት የሚባለውን ረጅምና ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ስናነብም እንዲሁ ነው። ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ይተኛል፤ የሚነበበውም የጎድጓዳው ታች ነው። ዓይንህን ከፈሳሹ ጋር ካላስተካከልክ ከላይ ሆነህ ስታየው አንድ ቁጥር፣ ከታች ሆነህ ስታየው ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል። ፈሳሹ ያው ነው፤ የተለወጠው የአንተ አቋቋም ነው። ስለዚህ ረጅም ሰው ጎንበስ፣ አጭር ሰው ደግሞ በርጩማ ላይ ወጣ ማለት አለበት።

* * *

አሁን ወደ አቼቶው ልምጣ። ሥራው ቀላል ነበር። ከሱቅ የተገዛ አቼቶ ውስጥ ስንት በመቶ አሴቲክ አሲድ እንዳለ ማግኘት ነው። አቼቶው አሥር እጥፍ ይቀጥናል። ከቀጠነው 20 ሚሊ ሊትር በፒፔት ይወሰድና ፌኖልፍታሊን የተባለ ጠቋሚ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያም መጠኑ የታወቀ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቡሬቱ ጠብታ በጠብታ ይወርድበታል። ፌኖልፍታሊን በአሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፤ አሲዱ ተበልቶ ሲያልቅና ቤዙ በጥቂቱ ሲያልፍ ግን ወደ ሮዝ ይለወጣል። ጥበቡ ያለው ሮዙ ገና ፈዘዝ እንዳለ መዝጋት ላይ ነው። አንድ ጠብታ ካሳለፍክ ደማቅ ይሆንብሃል፣ ሥራህም ይበላሻል።

የጠረጴዛ ጓደኛዬ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና የምትሠራ፣ ዲግሪዋን በማታ የምትማር ወጣት ነች። እጇ የተፈተነ ነው። ሦስት ጊዜ ሠራን። 13.35፣ 13.45፣ 13.40 ሚሊ ሊትር ወጣ። በማኑዋሉ መሠረት አሰላነው፤ 4.0 በመቶ ሆነ። ቀና ብዬ ከፊታችን ያለውን ጠርሙስ አየሁት። በላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «5%» ይላል።

«አንድ ነገር አበላሽተናል» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ። «ሦስቴ ሠራን፤ ሦስቴም አንድ ዓይነት መጣ።»

«ጠርሙሱ አምስት ይላል እኮ!»

«ጠርሙሱን አንብቡ ቢሉን ኖሮ ምን ቡሬት አስቀደደን?»

እንደገና እንዳንሠራ ሰዓቱ አልቋል፤ ጋሼ ላብራቶሪም መስኮታቸውን መዝጋት ጀምረዋል። ጎረቤቶቻችንን ጠየቅኩ። «አምስት ነጥብ ዜሮ» አሉ። ከወዲያኛው ጠረጴዛም «አራት ነጥብ ዘጠኝ» የሚል መልስ መጣ። ዓለም ሁሉ አምስት ሲሆን እኛ ብቻ አራት ሆነን ቀረን።

ሪፖርቱ የሚጻፈው በየግል ነው። በዚያው ማታ በሚኒባስ ውስጥ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከመልሱ ተነሥቼ ወደ ኋላ ማስላት ጀመርኩ። አቼቶው አምስት በመቶ ቢሆን ኖሮ 16.7 ሚሊ ሊትር ገደማ መውረድ ነበረበት። 13.35ን እስኪጠፋ ድረስ በእስክሪብቶ አጠቆርኩና በምትኩ 16.60 ጻፍኩ። ቀጥሎ 16.75፣ ቀጥሎ 16.70 አልኩ። ሦስቱንም 16.70 ብዬ እንዳልጻፍኩ ልብ በሉልኝ። ሦስት ልኬት አንድ ዓይነት ሲሆን ያስጠረጥራል። እናም ውሸቴ እውነት እንዲመስል ጥቂት ስህተት ጨመርኩበት።

ስለዚህች ነገር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስህተትን ከሐሰት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ልማዳችን ነው፤ «ተሳሳትክ» መባል «ዋሸህ» የመባልን ያህል ያመናል። ላቦራቶሪ ግን ሁለቱን ሰማይና ምድር አድርጎ ይለያቸዋል። ስህተት የሐቀኛ ሥራ የጣት አሻራ ነው፤ ሰው እጅ፣ ሰው ዓይን የነካው ልኬት ሁሉ ጥቂት ይወዛወዛል። ለዚህ ነው ሐሰተኛው እንኳ ስህተትን አስመስሎ የሚሠራው። እኔ በዚያች ማታ የሰረቅኩት መልሱን ብቻ አልነበረም። የሐቀኞችን ስህተት ጭምር ሰርቄያለሁ።

* * *

በሳምንቱ ሪፖርቱ ታርሞ መጣ። እኔ ከአሥር አሥር አገኘሁ። ጓደኛዬ ስድስት አገኘች፤ ከጎኑ በቀይ «20% ስህተት» ተብሎ ተጽፎባታል። ሪፖርቴን አየችና ምንም አላለችም። ከደቂቃ በኋላ ብቻ «13.35 የት ሄደ?» አለችኝ። ያ የውሃ ባለሙያ በስልክ የጠየቀኝ ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጣ።

ጥፋተኛ ሁልጊዜ ክርክር አያጣምና ተከራከርኳት። «ለአቼቶ ብለን ነው እንዲህ የምንጣላው? ሰላጣ ላይ የሚጨመር ነገር እኮ ነው!» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ በሥራዬ የምጽፈው ቁጥር ሥር ሰው ተኝቷል» አለችኝ። «እዚህ እጄን ካስለመድኩት እዚያ ማን ይከለክለዋል?»

ከዚያም ስለ ውጤቷ ልትጠይቅ ስትሄድ ተከተልኳት። መምህሩ ገና አልመጣም ነበር። በመስኮቱ በኩል ለጋሼ ላብራቶሪ ነገሩን ስታስረዳቸው እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና «እንዴ! ታዲያ እኔ እኮ ውሃ ጨምሬበታለሁ» አሉ። የቀረው አቼቶ ለአሥራ አንድ ጠረጴዛ የማይዳረስ ሆነባቸው። ግዢ ጠይቀው አልመጣም። ስለዚህ ለአራት እጅ አቼቶ አንድ እጅ ውሃ ጨምረው አብቃቁት። «ምን ይለወጣል ብዬ ለቲቸር ሳልነግረው ቀረሁ» አሉና ራሳቸውን አሻሹ።

አምስት በመቶ የነበረ ነገር አራት እጁ ተወስዶ አንድ እጅ ውሃ ሲጨመርበት አራት በመቶ ይሆናል። ሃያ ሁለት ሪፖርት ገብቷል። ሃያ አንዱ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቧል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ያነበበችው አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ ስድስት ያገኘችውም እሷ ነች።

* * *

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ እዚህ ላይ አቁሜ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብዬ ብሰናበት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ገና አልተነሣም። ጋሼ ላብራቶሪ ውሃ ባይጨምሩስ ኖሮ? አቼቶው በእርግጥ አምስት በመቶ ቢሆንና የተሳሳትነው እኛ ብንሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ የእኔ ሐሰተኛ ቁጥር ትክክል፣ የእሷ ሐቀኛ ቁጥር ስህተት ይሆን ነበር። ታዲያ ያን ጊዜም ዋሽቻለሁ ልባል ነው?

በበኩሌ መልሱን ያገኘሁት ከኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። አንድ ሰው ሌሊት በሬ ተሰረቀ እንበል። ጎረቤቱ «እገሌ ሲነዳው አይቻለሁ» ብሎ ይመሰክራል። እገሌ በእርግጥም ሌባው ነው። ምስክሩ ግን በዚያ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ነበር። የተናገረው ነገር እውነት ሆነ፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነው። ምስክር የሚጠየቀው በሬውን ማን ወሰደው ተብሎ አይደለም፤ ምን አየህ ተብሎ ነው። ማን እንደወሰደው መወሰን የዳኛው ፋንታ ነው። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝም የሚያስረው የምስክሩን አንደበት ነው።

የላቦራቶሪ ደብተርም የምስክር ቃል ነው። ገጹ ላይ «16.60» ብዬ ስጽፍ ስለ አቼቶው አልተናገርኩም። «እኔ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዓይኔ ይህን አየሁ» ማለቴ ነው። አላየሁም። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን ዋሽቻለሁ። ጽሑፌም እንደዚሁ ነው። ያ ጉድጓድ ሁለተኛ ሲመረመር 1.8 ቢወጣ እንኳ፣ እኔ በጻፍኩበት ቀን የማላውቀውን አውቃለሁ ብያለሁ።

የሚቀጥለው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። ኬሚካሉ ባጠረበት፣ ጊዜው ባለቀበት፣ ትክክለኛ መልስ ላመጣ ብቻ ነጥብ በሚሰጥበት ቦታ ተማሪው ምን ያድርግ? ሥርዓቱ ራሱ ሐሰትን እየሸለመ ሐቀኛውን የሚቀጣ ከሆነ ጥፋቱ የማነው? ይህን ክርክር አልንቀውም። ቀን ሙሉ ሠርቶ በባዶ ሆዱ ለሚማር ሰው አራት ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑም እውነት ነው። መምህሩ መልሱን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ ልኬት ጠየቀ፤ ጋሼ ላብራቶሪ ውሃውን ጨምረው ዝም አሉ፤ እኛ ቁጥር ፈጠርን። ይሁን እንጂ ጥፋት እንደ እንጀራ አይደለም። እንጀራ ለሃያ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቁራሽ ይደርሰዋል፤ ጥፋት ግን ለሃያ ቢካፈልም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሙሉው ነው። የመምህሩ ድርሻ የእኔን እስክሪብቶ አልያዘልኝም።

* * *

በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን ፈተና የተፈተኑ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የናይትሮጅንን ክብደት ሲመዝን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ኦክስጅንና ሌላውን ሁሉ ከአየር አስወግዶ ያስቀረው ናይትሮጅን በአንድ ሊትር 1.2572 ግራም ሲመዝን፣ ከኬሚካል ውሕዶች ያወጣው ግን 1.2505 ግራም ገደማ ሆነ። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ከእኔ 20 በመቶ አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው፤ «የሚዛኑ ጥፋት ነው» ብሎ ቢያልፈው ማን ይጠይቀው ነበር? እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1892 ኔቸር ለተባለው መጽሔት ደብዳቤ ጽፎ፣ ይህ ነገር አልገባኝምና የሚያውቅ ይንገረኝ ሲል አንባቢዎችን ጠየቀ። ልዩነቱን ለማጥፋት ሳይሆን ለማጉላት ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከዊሊያም ራምሴይ ጋር ሆነው ምክንያቱን አገኙት። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ በመቶ ገደማ የሚሆን፣ ከምንም ጋር የማይዋሐድ፣ እስከዚያ ቀን ስም ያልነበረው ጋዝ ተደብቆ ኖሯል። አርጎን አሉት፤ በግሪክኛ «ሰነፉ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም፣ አንዱ በፊዚክስ አንዱ በኬሚስትሪ፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ከዚያ በፊት መቶ ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1785 ሄንሪ ካቬንዲሽ በተመሳሳይ ሥራ መጨረሻ ላይ አልጠፋ ያለች አንዲት ትንሽ አረፋ ቀርታበት መመዝገቡ ነው። ከጠቅላላው ከ1/120 እጅ አትበልጥም ሲል ጻፈ። ምን እንደሆነች አላወቀም፤ ግን አልሰረዛትም። ያልገባውን ነገር በሐቀኝነት ስለመዘገበ አረፋይቱ መቶ ዓመት ጠብቃ የሚረዳት ሰው አገኘች። እኔ አሥራ ሦስት ነጥብ ሠላሳ አምስትን አንዲት ማታ እንኳ አላሳደርኳትም።

በሌላው ወገን ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን አለ። የኤሌክትሮንን ሙል በዘይት ጠብታዎች የለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ የ58 ጠብታዎችን ውጤት አቅርቦ፣ እነዚህ ተመርጠው የቀረቡ ሳይሆኑ በተከታታይ 60 ቀናት የተለኩት በሙሉ ናቸው አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ የሥራ ደብተሮቹ ሲገለጡ ግን ያላወጣቸው ሌሎች ጠብታዎች ተገኙ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዳንዶቹ ጠብታዎች የተተዉት በበቂ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ ውጤቱም በመሠረቱ ትክክል ነበር። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። የተበላሸ ልኬትን መተው ጥፋት አይደለም፤ የትኛውን ለምን እንደተዉ ተናግሮ መተው የሥራው ወግ ነው። ያሳዘነው «በሙሉ» የምትለዋ ቃል ነች።

ከሚሊካን በኋላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለተራዎቹ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የአየሩን ውፍረት በጥቂቱ አሳንሶ ስለወሰደ የእሱ ቁጥር ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባደረገው ንግግር እንዳመለከተው፣ ከሚሊካን በኋላ የለኩት ሰዎች ወደ ትክክለኛው ቁጥር በአንድ ጊዜ አልዘለሉም፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ ወጡ። ከታላቁ ሰው ቁጥር የራቀ ውጤት ያገኘ ሰው «አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» ብሎ ስህተቱን ይፈልጋል፤ የቀረበ ያገኘው ግን አይፈልግም። ይህ እኮ የእኛው ክፍል ነው! ያ ሁሉ ሊቅ በየአገሩ ተቀምጦ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሲያነብ ኖሯል ማለት ነው።

* * *

ያደረግሁትን ሳልናገር ብዘጋው ይህም ጽሑፍ ከጎደሎዎቹ አንዱ ይሆናልና ልጨርሰው። ጓደኛዬ የአቼቶውን ነገር ለመምህሩ ስትነግረው እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ውጤቷን ወዲያው አስተካከለላት። ስለ ሌሎቻችን ግን ምንም አላለም፤ ምናልባት ሃያ አንድ ሰው በአንድ ቀን መቅጣት ከብዶት ይሆናል። ያን ቀን ዝም አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ቀርቼ ደብተሬን ከፍቼ አሳየሁት። ያጠቆርኩትን ቦታ በጣቱ ነካ አደረገውና «ምን ነበር እዚህ?» አለኝ። ነገርኩት። ዜሮ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ጠርሙሶች ላይ ያለው ወረቀት በፕላስተር ተሸፍኖ «ናሙና» ብቻ ተብሎ እንደሚጻፍበት ግን አይተናል። ጋሼ ላብራቶሪም በየጠርሙሱ ሥር ምን እንደጨመሩና እንደቀነሱ የሚጽፉበት አንድ ደብተር ከፍተዋል።

ስለ ጉድጓዱም ማረሚያ ጽፌ ላክሁ። በውስጥ ገጽ፣ ከአንድ ማስታወቂያ ሥር፣ በስድስት መስመር ወጣ። ለመጀመሪያው ጽሑፍ ያጨበጨቡልኝ ወዳጆቼ ማረሚያውን ማንም አላየውም። ለባለሙያው ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ከወንዙ ወደ ጉድጓዱ የተመለሱ እንዳሉ፣ ገና የሚፈሩም እንዳሉ ነገረኝ። ሰውን ማስፈራት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ የፈራን ሰው መመለስ ግን ስንት ዓረፍተ ነገር እንደሚፈልግ ገና እየቆጠርኩ ነው።

በላቦራቶሪ ማኑዋሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማናችንም ልብ ሳንለው ያለፍነው አንድ ደንብ አለ። ደብተር በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ አይጠቆርም፣ ገጹም አይቀደድም። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። ስህተት ነውር ስላልሆነ አይደበቅም፤ ደግሞም ዛሬ ስህተት የመሰለን ነገ አርጎን ሊሆን ስለሚችል አይጠፋም። ሰው ስለ ራሱ የሚይዘው የሕሊና መዝገብ በዚህ ደንብ ቢጻፍ ደግ ነበር እላለሁ። እኛ ግን ወይ ያለፈውን እስኪጠፋ እናጠቁረዋለን፣ ወይ ገጹን ቀደን እንጥለዋለን።

የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማታ፣ የጓደኛዬን ደብተር ተውሼ ያቺን ገጽ ገለጥኩ። 16.60፣ 16.75፣ 16.70 የሚሉትን በአንድ በአንድ መስመር ሰረዝኳቸውና ከጎናቸው 13.35፣ 13.45፣ 13.40 ብዬ ጻፍኩ። እሷ ቡሬቷን እያጠበች በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታየኝ ነበር።

«ቀኑንም ጻፍበት እንጂ» አለችኝ። «በደንቡ መሠረት ያረመ ሰው ያረመበትን ቀን ይጽፋል።»

ቀኑን ጻፍኩበት።